36 ትሪ አፈር

«ክረምቱን ምን ልሥራ?» ብዬ የጨቀጨቅኳችሁ ሁሉ፣ ይኸው የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

የሦስተኛ ዓመት ባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ጥርን በሙሉ የውጭ አገር የክረምት ምርምር ሳስስ ነው ያሳለፍኩት። አር.ኢ.ዩ በሚባሉት የአሜሪካ የዲግሪ ተማሪዎች ምርምር ፕሮግራሞች ልቤ ተሰቅሎ ነበር። ሁለት ሌሊት ማመልከቻ ስጽፍ ካደርኩ በኋላ ነው ክፍያው ለአሜሪካ ዜጋና ለቋሚ ነዋሪ ብቻ መሆኑን ያየሁት። እናንተ «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለውን አስቀድማችሁ አንብቡ። ለማንኛውም አገር ተማሪ ክፍት የሆነም አለ። ጃፓን፣ ኦኪናዋ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም የአውሮፕላን ትኬትና ማደሪያ ይችላል። እሱን ለከርሞ ይዤዋለሁ።

እኔ ሥራ ያገኘሁት ደጃፍ ላይ ነው። ግንቦት ላይ አንድ የማስተርስ ተማሪ ባዶ ማዳበሪያ ከረጢት ሲቆጥር አገኘሁት።

«ምን ልትጭንበት ነው?»

«አፈር።»

«ለምን?»

«ላበቅለው።»

እየቀለደ መስሎኝ ነበር። ጉዳዩ አፈር ውስጥ ተኝቶ የሚቆይ ዘር ነው። የቤተ ክርስቲያን ደን አፈር ውስጥ የትኛው ዘር አለ፣ የትኛውስ የለም? ልርዳህ አልኩት። አበል የለውም፤ ትራንስፖርትና ምሳ ይችላል፣ ዘዴውን ያስተምረኛል። ተስማማን። የማስተርስ ተማሪ ሰው የሚቸግረው ዳታ ሲሰበስብ ነው፤ ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ ጠይቁ።

ሰኔ 8 ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ያለች አንዲት ደብር ሄድን። የዲፓርትመንት ደብዳቤ ይዘናል። ቄሰ ገበዙ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ ይህ አፈር እኮ የአባቶቻችን አጥንት ያረፈበት ነው።» ዝም አልኩ። ከመቃብሩ ራቅ ብለን፣ ከግንቡ አጥር ሥር እንደምንቆፍር ጓደኛዬ አስረዳቸው። ቆይተው ፈቀዱ። «ግን ስትጨርሱ መልሱት።»

ሥራው ራሱ ቀላል ይመስላል። 15 በ15 ሴንቲሜትር ትለካላችሁ፤ ከላይ ወደ ታች ሦስት ሦስት ሴንቲሜትር እያላችሁ ሦስት ንጣፍ ታወጣላችሁ። 12 ቦታ፣ 36 ትሪ። ያከራዩኝ እማማ ግቢ ውስጥ ደረደርነው። ከዚያ ውሃ ማጠጣት፣ የበቀለውን መቁጠር፣ መንቀል። በየቀኑ። ሁለት ቅጠል ብቻ ያለው ቡቃያ ሁሉ አንድ ነው የሚመስለው፤ ስሙን ያላወቅነውን ዕቃ ላይ አዛውረን እስኪያድግ እንጠብቃለን።

ሐምሌ 11 ከክፍል ስመለስ የእማማ ዶሮዎች አራት ትሪ ጭረው ጨርሰዋል። እማማ «እኔማ አዝመራ መስሎኝ እሽ ስላቸው ነው የዋልኩት» አሉኝ። አልቅሼ ነበር፣ አልደብቅም። የዚያኑ ዕለት በወንፊት ሸፈንነው።

ሌላ ጥፋት ደግሞ የራሴ ነው። ንፋስ ያመጣውን ዘር ለመለየት ምንም ዘር የሌለበት አሸዋ በሌላ ሁለት ትሪ አስቀምጠን ነበር። ዘር ካለበት እንዲሞት አሸዋውን ምጣድ ላይ የቆላሁት እኔ ነኝ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንደኛው ትሪ ማገጥ የሚባለውን የሜዳ ተክል አበቀለ! ንፋስ ይሁን የኔ ግማሽ ቆሎ፣ መለየት አልተቻለም። ማገጥን ከሒሳቡ አወጣነው። ያለ አሸዋው ግን ማገጡን ሁሉ «ከደኑ ወጣ» ብለን እንጽፍ ነበር።

እስካሁን የበቀለው አብዛኛው ሣርና አረም ነው። መጭ ሞልቷል። ከላይኛው ንጣፍ ሁለት ብሳና ወጥቷል። ወይራ የለም። ዝግባ የለም። ስንቆፍር ከላያችን ግን ወይራው ጥላውን ጥሎ ነበር እኮ! የጓደኛዬን አድቫይዘር አልገረመውም። የደን ተመራማሪዎቹ ደመል ተከታይና አንደርስ ግራንስትሮም በ1995 እ.ኤ.አ. በአገራችን የደጋ ደኖች ላይ ያሳተሙት ጥናት ተመሳሳይ ነገር ያሳያል፤ የብዙዎቹ ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ አይቆይም። ወይ ይበቅላል ወይ ይበሰብሳል። እናት ዛፉ ከተቆረጠ አፈሩ ብቻውን አይመልሰውም ማለት ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ። 32 ትሪ ቆጥሬ ወይራ ሳጣ ነው የገባኝ።

ጳጉሜን ላይ ቆጠራው ያበቃል። መስከረም ሲጠባ አፈሩን ልንመልስ ቀጠሮ ይዘናል። ስለ አራቱ ትሪ ለቄሰ ገበዙ ምን እንደምላቸው ግን ገና አላሰብኩም።