ስም የመሸፈን ሥራ፦ የስድስተኛው ሳምንት ማስታወሻ

ከስድስት ሳምንት በፊት የደንበኞቻችንን የቅሬታ ደብዳቤዎች ቻትጂፒቲ እንዲያሳጥርልን ከመስጠታችን በፊት ስማቸውን እንሸፍናለን ብዬ ነበር። የአንድ ከሰዓት ሥራ መስሎኝ ነበር።

የስም ዝርዝሩን ይዤ፣ ቃል ፈልጎ በሌላ በሚተካው የዎርድ ትእዛዝ እያንዳንዱን ስም በቁጥር ቀየርሁ። ሰላም የምትባል ደንበኛ አለችን፤ ቁጥሯ 14። ኮምፒውተሩ ሲጨርስ ግማሹ ደብዳቤ «ደንበኛ 14 ለእናንተ ይሁን» ብሎ ይጀምራል። ትዕግሥት ደግሞ 22 ናት። «ሦስት ወር ጠብቄ ደንበኛ 22 አጣሁ» የሚለውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሳቄን ያቆመው ሳይሸፈን የቀረው ነው። በእኛ መዝገብ ኃይሉ የተባለው ሰው ደብዳቤውን የፈረመው ሀይሉ ብሎ ነው፤ ፀሐይም ጸሃይ ሆናለች። ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ሰው። አሁን በደብዳቤዎቹ ቅጂና በስም ዝርዝሩ ላይ አስቀድሜ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነርባታቸው እመልሳለሁ፤ ሃንና ዓንም እንዲሁ ወደ ሀና ወደ አ። ከዚያ በኋላ ነው ፍለጋው። ሰላምንና ትዕግሥትን የመሰሉትን በዓይኔ እለያለሁ፤ አሰልቺ ነው፣ ሌላ መላ አላገኘሁለትም።

አለቃዬ «እኛ ምን ምሥጢር አለን?» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የሳምሰንግ ሠራተኞች የድርጅታቸውን የፕሮግራም ኮድ ለቻትጂፒቲ መስጠታቸውንና ኩባንያው አገልግሎቱን እስከ መከልከል መድረሱን ነገርኋቸው፤ ብዙም አልደነቃቸው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ሳነሣ ግን ወንበራቸውን አስጠጉ። በተለይ የመረጃ ጥሰት ሲደርስ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ግድ መሆኑን ሲሰሙ።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ስም ጨርሶ የሌለባት አንዲት ደብዳቤ አለች። ጸሐፊዋ መንታ ልጆቿን፣ የኩላሊት እጥበት የምትመላለስበትን ቀንና ከቤቷ ሥር ያለውን መድኃኒት ቤት ጠቅሳለች። የሰፈሯ ሰው ቢያነባት ማን እንደ ጻፈቻት በአንድ ጊዜ ያውቃል። አዋጁም ቢሆን በተዘዋዋሪ ሰውን የሚያሳውቀውን ከግል ዳታ ይቆጥረዋል፤ የጤና ነገር ሲሆን ደግሞ ጥበቃው ይጠነክራል። እኔ ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ ስም ብቻ ሳሳድድ ነበር።

ስለዚህ ደብዳቤዎቹን ከመላኬ በፊት ለሁለት እከፍላቸዋለሁ፦ ስለ ዕቃና ስለ ዋጋ ብቻ የሚያወሩት ወደ ማሽኑ ይሄዳሉ፤ ቤት፣ ልጅ ወይም ሕመም የተነሣባቸው ከቢሮ አይወጡም። ያቺን ደብዳቤ ራሴ አሳጠርኋት። አራት ደቂቃ ፈጀችብኝ።