ኮምፒውተሩ የሚተካልኝና የማይተካልኝ

ውል የሚጽፍ ሰው ከቀኑ የሚበዛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ቀድሞ የጻፈውን ደግሞ በመጻፍ ነው። ድሬዳዋ ከዚራ በምሠራበት የጽሕፈት ሥራ ቤት ተከራዩና ገዥው ቢለያዩም ውሎቹ ሁሉ "ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው" በሚል ቃል ይዘጋሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ውልን በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የሚያስቆጥር፣ ሁለተኛው የተፈረመበትን ጽሑፍ ማስረጃ የሚያደርግ በመሆኑ፣ በድካም 1731 ወደ 1713 ቢዞር የባለጉዳዩ ውል ሌላ ድንጋጌ ይጠቅሳል። በዚህ ሳምንት በምጽፍበት ፕሮግራም በሊብሬ ኦፊስ ላይ አሕጽሮት ስጽፍ በሙሉ ቋሚ ሐረግ እንዲተካልኝ ያዘጋጀሁት ከፍጥነቱ ይልቅ ለዚህ ጥንቃቄ ብዬ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። "ቱልስ" ውስጥ "ኦቶኮሬክት ኦፕሽንስ" ተከፍቶ ቋንቋው አማርኛ ከተደረገ በኋላ በመተኪያ ሠንጠረዡ በአንዱ ሣጥን አሕጽሮቱ፣ በሌላው ሙሉው ሐረግ ይጻፋል።

ሐሳብ የሚጠይቀው የቋንቋችን ጠባይ ነው። "ድአ" ብዬ እስፔስ ስጫን "ድሬዳዋ አስተዳደር" ይሆንልኛል፤ ነገር ግን በውል ውስጥ ይህ ስም ብቻውን የሚቆመው ስንት ጊዜ ነው? "በድአ"፣ "የድአ"፣ "ከድአ" እያልን ነው የምንጽፈው፤ ለኮምፒውተሩ ደግሞ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ቃላት ናቸው። መፍትሔው ከአሕጽሮቱ በፊት ነጥብና ኮከብ ማስቀደም ነው፤ ያኔ ፊት ለፊቱ የተለጠፈው ፊደል ሳይነካ የቀረው ብቻ ይተካል። እንዲህ ሲደረግ ግን አሕጽሮቱ የሌላ ቃል መጨረሻ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እኔም እያንዳንዱን ድምፅ አውጥቼ፣ በእርሱ የሚያልቅ ቃል ትዝ እስኪለኝ እየጠበቅሁ ነው የመረጥሁት።

ለአራት ነጥብ ሌላ መንገድ ተከተልሁ። በቆዩ ፋይሎቻችን ውስጥ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተመትቶ አራት ነጥብ መስሏል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ "ነው።" ብሎ ለሚፈልግ ሰው ግን ያ ዐረፍተ ነገር አይገኝለትም። ይህን ኮንትሮልና ኤች ተጭኜ በሚከፈተው ፈልጎ መተኪያ ፋይሉን ሙሉ በአንድ ጊዜ አስተካከልሁት።

የፊደል አጻጻፍ እርማትን ግን በሠንጠረዡ ውስጥ አላስገባሁም። "አመት" በ"ዓመት"፣ "መስሪያ" በ"መሥሪያ" ቢተካ ደስ ይለኛል፤ ሞክሼ ፊደላት በቦታቸው ሲገቡ ማየት እወዳለሁ። ሆኖም "ጸሀይ" ሲመጣ "ፀሐይ" ይሁን ብዬ ባዝዝ፣ መታወቂያዋ ላይ "ጸሀይ" ተብላ የተመዘገበች እናት ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀኝ ኮምፒውተሩ ስሟን ሳልነግራት ይለውጥባታል። እርሷ ስሟ ልክ መሆኑን አምና ትፈርማለች፤ ልዩነቱ ውልና ማስረጃ ሲደርስ ቢታይ በዚያ ፀሐይ የምትመላለሰው እርሷ ናት። ስም የባለቤቱ ነው፤ እኔ ከመታወቂያው ላይ ፊደል በፊደል እቀዳዋለሁ እንጂ አላርመውም። ስለዚህ ሠንጠረዡ ውስጥ የሚገባው ባለጉዳዩ ማንም ቢሆን የማይለወጥ ሐረግ ብቻ ነው።

የብድር ውሉ መዝጊያ ከአንድ አንቀጽ በላይ ስለሆነና የገንዘቡ መጠን በባዶ ስለሚተው፣ እርሱን በኮንትሮልና ኤፍ 3 በሚከፈተው፣ ረጅም ጽሑፍ በሚቀመጥበት ኦቶቴክስት ውስጥ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ። የሽያጩም ከእርሱ ቀጥሎ ይገባል።