ሃይላንዷ ሄደች

ዘጠነኛ ክፍሎችን ይዤ ጣና ዳር የወረድኩት ሞገድ ላስተምር ነው። ክፍል ውስጥ ገመድ አወዛውዘን ስፕሪንግ ጎትተን ጨርሰናል። ሐይቁ አፍንጫችን ሥር እያለ ሰሌዳ ላይ መሳል ደበረኝ። ችግሩ፣ የዲፓርትመንታችን ሄድም ሊገመግመኝ ክላሴሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ተከተለን።

መጀመሪያ ጥሩ ሄደ። በ10 ሰከንድ 10 ያህል ሞገድ ቆጠርን፣ ከአንዱ ሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጫፍ 1.5 ሜትር ገደማ። ፍሪኩዌንሲውን፣ ማለትም በሰከንድ የሚያልፈውን የሞገድ ብዛት፣ በርዝመቱ ሲያባዙት በሰከንድ 1.5 ሜትር ወጣ። ደስ አለኝና ባዶ ሃይላንድ ወረወርኩ።

«ሞገድ ኢነርጂ እንጂ ውሃ ተሸክሞ አይሄድም። ስለዚህ ሃይላንዷ እዚያው ከፍ ዝቅ ትላለች፣ የትም አትሄድም።»

ሄደች። እየተንሳፈፈች መጥታ እግሬ ሥር ቆመች።

«ቲቸር፣ ናፍቀሃት ነው» አለ አንዱ ከኋላ። ሄዱ ሲጽፍ አየሁት። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ እንደሚነሳ እዚህ አድጌ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም።

የደንገል ታንኳቸውን አቁመው የሚያደርቁ አባት ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ ባዶውን ነፋስ ነው የሚነዳው። ውሃ ሙላበት እስቲ።»

አንገቷ ብቻ እስኪቀር ሞልቼ ወረወርኳት። አሁን ብዙም ሳትርቅ፣ ጫፉ ሲደርስባት ወደ ፊት፣ ሸለቆው ሲመጣ ወደ ኋላ እያለች ትንሽ ክብ ሠራች። ከፍ ዝቅ ብቻ አይደለም ማለት ነው። የውሃ ላይ ሞገድ የትራንስቨርስ (ለሞገዱ ጉዞ አግድም ከፍ ዝቅ የሚል) እና የሎንጊቲዩዲናል (በጉዞው መስመር ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚል) ቅልቅል ነው።

«ታች አይደርስም፤ መረቤ ከደረት በታች ሲወርድ አይነካውም» አሉ አባት። ልክ ናቸው። ክቡ ወደ ታች እያነሰ ሄዶ የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ያህል ጥልቀት ላይ ይጠፋል ማለት ይቻላል። ለእኛዎቹ ሞገዶች ይህ 75 ሴንቲ ሜትር ነው።

ሄዱ ግን ይህን አላየም። ማኪያቶ ሊጠጣ ሄዷል። ግምገማዬ ላይ «ሰርቶ ማሳያው አልተሳካም» የሚል አገኘሁ።

ፈተናውንም ያወጣው እሱ ነው። «የውሃ ላይ ሞገድ ምን ዓይነት ነው?» መልሱ፦ ትራንስቨርስ። «ሁለቱም» ያሉት ልጆቼ ኤክስ ተደረገባቸው። ቢሮው ሄጄ ስለ ሃይላንዷም ስለ አባትም አስረዳሁት።

«ሰውዬው ዲግሪ አላቸው?» አለኝ።

አሁንም በየዓመቱ ልጆች ይዤ እወርዳለሁ፣ ሃይላንዷን ከቤት ሞልቼ። ስንመለስ መንገድ ላይ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ፦ «ክቧን አትርሱ። ፈተና ላይ ግን ትራንስቨርስ በሉ።»