«አሉሚኒየሙን ይቀንሱታ!»

ፒያሳ ያለው ጥገና ቤታችን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ጀርም የሚገድል አንድ የውሃ ማከሚያ መጣ። ውስጡ ያለው እንደ ድሮው የሜርኩሪ አምፖል ሳይሆን የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት 265 ናኖሜትር የሆነ ኤልኢዲ ነው። ጉልበቱ ደክሟል፣ ቦርዱ እጅ ያቃጥላል። ደንበኛው ተናዷል። ሻጩ «50 ሺህ ሰዓት ይሠራል» ብሎታል። ቁጥሩን የሳሎን አምፖል ካርቶን ላይ ሳያነበው አልቀረም።

ጋሼ፣ አለቃዬ ማለቴ ነው፣ ነካ አድርገው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ኤልኢዲ አይደል እንዴ? ምን ያግለዋል?»

«ከሚገባው ኤሌክትሪክ ብርሃን ሆኖ የሚወጣው ጥቂት በመቶ ነው፣ ጋሼ። ሌላው ሙቀት ነው።»

«የሜርኩሪውስ?»

«ሲሶ ያህሉን ይሰጣል።»

«ታዲያ ምኑ ነው ዘመናዊ!»

ማስረዳት ጀመርኩ። ሰማያዊው ኤልኢዲ ከግማሽ በላይ ኤሌክትሪኩን ብርሃን ያደርጋል። የሚሠራው ከጋሊየም ናይትራይድ ነው። ጀርም ወደሚገድለው ጥልቅ አልትራቫዮሌት ለመውረድ ግን አሉሚኒየም በብዛት መቀላቀል አለበት። አሉሚኒየሙ ሲበዛ ፖዘቲቭ ቻርጅ እንዲሰጥ የተጨመረው ማግኒዚየም ይለግማል። ለኮንታክት፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ለሚገባበት መገናኛ፣ ተብሎ የሚደረበው የጋሊየም ናይትራይድ ሽፋን ደግሞ ብርሃኑን ራሱ ይውጠዋል። ከዚያ የተረፈውም ብዙው መውጫ አጥቶ እዚያው ውስጥ ይቀራል። ተመራማሪዎቹ ብርሃን የማያስቀር ሽፋንና የሚያንጸባርቅ ኮንታክት ለማግኘት የሚለፉት ለዚህ ነው።

ጋሼ በጥሞና ሰሙኝ። ትንሽ አሰቡ።

«ታዲያ አሉሚኒየሙን ይቀንሱታ!»

«ያኔ ጀርም አይገድልማ።»

«እንግዲያው ከረንቱን ጨምርለት።»

ለካ ይህን ምክር ሻጩም በስልክ ሰጥቷል። ከረንት ሲጨመር ብርሃኑ ለጊዜው ከፍ ይላል። ኤልኢዲው ግን የባሰ ይግላል፣ ውጤታማነቱ ይወርዳል፣ ዕድሜው ያጥራል። ደንበኛውም ተመልሶ የሚጮኸው እኔ ላይ እንጂ ሻጩ ላይ አይደለም። እምቢ አልኩ።

ስፈታው በቦርዱና ሙቀቱን በሚያስወጣው ብረት፣ በሂት ሲንኩ፣ መሃል ሙቀት የሚያሻግር ፔስት የሚባል ነገር የለም። ደረቅ ነው! ያ ሁሉ ሙቀት በየት ይውጣ? አዲስ ሞጁል አስገባሁ፣ ፔስት ቀባሁ፣ ሰፋ ያለ ሂት ሲንክ አሰርኩለት።

ደንበኛው ሊወስድ ሲመጣ የተቀበሉት ጋሼ ናቸው። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

«ይሄ እኮ የራሱን ብርሃን የሚውጥ ዕቃ ነው» ይሉታል። «ማግኒዚየሙ ይለግማል። ከባድ ሳይንስ አለው፣ ወንድሜ።»

ሰውየው አፉን ከፍቶ አዳመጠ። ጋሼ ከተስማሙበት ዋጋ ላይ ጨምረው ጠየቁት። ሳይከራከር ከፈለ።

የእኔ የእጅ ዋጋ ግን ያው ነው።