የሰባት ሳንቲም ግማሽ

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለው ቢሮአችን ለሒሳብ ባለሙያዎች የተሠራች አንዲት ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ አለችን። የቅናሽና የተመላሽ ደንቦች የሚጻፉት በእርሷ ነው። ኮምፓይለሯ፣ ማለትም የተጻፈውን ደንብ ወደ ኮምፒውተር ኮድ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ፓይተን በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ፣ ኮዱን የሚያስኬደው ክፍል ደግሞ ሲ በተባለ ሌላ ቋንቋ ተጽፏል። የእኔ ሥራ መፈተሽ ነው።

አንድ ቀን አንዲት አንጋፋ የሒሳብ ሠራተኛ ደረሰኞቻቸውን ይዘው መጡ። ተመላሽ ባለበት ሒሳብ ላይ አንዳንዴ አንድ ሳንቲም ይጎድላል። ባልደረቦቼ ጥፋቱን እርሳቸው በጻፉት ቀመር ላይ ማላከክ ጀመሩ። «ልጆቼ፣ ቀመሩን በእጄ ሠርቼ አይቼዋለሁ፤ እናንተ ደግሞ የራሳችሁን እዩ» አሉ። እኔ አመንኋቸው። ሰው ቋንቋውን ከመጠርጠሩ በፊት ራሱን ስለሚጠረጥር፣ የኮምፓይለር ስህተት ተደብቆ የሚኖረው እንዲህ ነው።

ነባሮቹ ሙከራዎች ግን አንድም ሳይቀር ያልፋሉ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ራሱ ቀመር በዘፈቀደ እንዲፈጥር አደረግሁ። እያንዳንዱ ቀመር አንዴ ቁጥሮቹ እዚያው ውስጡ ተጽፈው፣ አንዴ ደግሞ ከውጭ እንደ ደረሰኝ ገብተው ይሰላል። ትክክለኛውን መልስ ማወቅ አያስፈልገኝም፤ ሁለቱ ከተለያዩ አንዱ ተሳስቷል። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ሲስሚዝ በተባለ መሣሪያ የተፈጠሩ የሲ ፕሮግራሞችን ለተለያዩ ኮምፓይለሮች ሰጥተው መልሶቹን በማነጻጸር ከ325 በላይ ስህተቶች አግኝተዋል።

በማግስቱ ጠዋት ስክሪኑን የሞላ ቀመር ሁለት መልስ ሰጥቶ ጠበቀኝ። ከዚያ መቁረጥ ነው፤ ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ግማሹን እጥላለሁ። ልዩነቱ ካለ የቀረውን ደግሞ እከፍለዋለሁ፤ ከጠፋ የጣልሁትን መልሼ ሌላውን ወገን አወጣለሁ። ቅንፎቹ ወደቁ፣ ሁኔታዎቹ ወደቁ፣ መደመሩ ወደቀ። በመጨረሻ የቀረው -7 ለ2 ሲካፈል ብቻ ነበር።

መልሱ ሙሉ ቁጥር እንዲሆን ሲካፈል፣ ፓይተን ወደ ታናሹ ቁጥር ስለሚወርድ -4 ይላል። ሲ ክፍልፋዩን ቆርጦ ወደ ዜሮ ስለሚቀርብ -3 ይላል። ተመላሽ የሚመዘገበው በነጌቲቭ ሲሆን፣ የቋንቋችን መመሪያ የሚያዘው -4ን ነው። ኮምፓይለራችን ደግሞ ቁጥሩን ቀመሩ ውስጥ ተጽፎ ካገኘው እዚያው በፓይተን አስልቶ ይጨርሳል፤ ከደረሰኝ ሲመጣ ግን ወደ ሲው ክፍል ይልከዋል። ነባሮቹ ሙከራዎች ሁሉ ቁጥሩን ቀመሩ ውስጥ ይጽፉ ስለነበር፣ የሲው ማካፈያ ነጌቲቭ ቁጥር አይቶ አያውቅም። በፖዘቲቭ ቁጥር ላይ ሁለቱ ስለሚስማሙ ማንም አልጠረጠረም።

የሲው ክፍል ተስተካከለ፤ ያቺም አንዲት መስመር ከቋሚ ሙከራዎቻችን ጋር ተቀመጠች። ለሒሳብ ሠራተኛዋ ስደውል መጀመሪያ የጠየቁኝ «ያለፉት ደረሰኞችስ?» ብለው ነው። የተመላሽ ሒሳቦቹን በሙሉ በታረመው ኮድ እንደገና አስልተን፣ ልዩነቱን በየደረሰኙ ቁጥር ዘርዝረን ላክንላቸው።