ስንት ጊጋ ነው?

ከውጭ ለዕረፍት መጥቶ ለገጣፎ ቡና ላይ የተቀመጠ የኳንተም ተመራማሪ አቦሉ ሳይቀዳ ይጠየቃል፦ «ያንተ ኳንተም ኮምፒውተር ስንት ጊጋ ነው?»

አትሳቁ፣ ጥያቄዋ መልስ አላት። 30 ኪውቢት (የኳንተም ኮምፒውተር ትንሿ የመረጃ ክፍል) በተራ ኮምፒውተር አስመስሎ ለማስላት 16 ጊጋ ራም ያስፈልጋል። 31 ሲሆን 32፤ አንድ በተጨመረ ቁጥር እጥፍ። 50 ላይ 16 ሚሊዮን ጊጋ ያልፋል። «የባንክ ኮድ ይሰብራል አሉ» ለሚሉም፦ ኮዱን የሚሰብረው የሒሳብ ዘዴ፣ የሾር ስልት፣ ከ1994 ጀምሮ አለ፣ የሚያስኬደው ማሽን ግን ገና የለም።

ማንም የማይጠይቀው ስለ ውሎው ነው። ሳይንቲስት ሲባል ነጭ ጋውን ይታየናል። የኳንተሙ ቺፕ ግን የሚሠራው ከፍፁም ዜሮ (ከመጨረሻው የቅዝቃዜ ወለል) 0.01 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ነው፤ ጠፈር እንኳ 2.7 ነው። እዚያ የሚያደርሰው ማቀዝቀዣ ደግሞ ቧንቧ፣ ፓምፕና ብሎን ነው። ዶክትሬቱን የያዘ ሰው ተንበርክኮ ብሎን ሲያጠብቅ የሰፈራችን ጋራዥ ልጅ ቢያየው «ረዳት ነህ?» ይለዋል።

ውርደቱ ኦሪንጉ ላይ ነው፤ አየር እንዳይገባ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት። የቫክዩሙ (አየሩ የሚመጠጥለት ዕቃ) ክዳን ሲገጠም አንዲት ፀጉር፣ ወይ የጋቢ ክር፣ ጎማው ላይ ከቀረች አየር በእሷ በኩል ይገባል። ስለዚህ ጎማውና መቀመጫው በአልኮል ይጠረጋሉ። ግሪስ ጎማው እስኪያብረቀርቅ ብቻ ይቀባል፤ ሲበዛ ቆሻሻ ይይዛል። ብሎኖቹ ፊት ለፊት ያሉት እየተቀያየሩ በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃሉ። ቀጥሎ ቀዳዳ ለመፈለግ ሄሊየም መገጣጠሚያዎቹ ላይ ይነፋል፣ ከላይ ወደ ታች፤ ጋዙ ሽቅብ ስለሚሄድ ከታች የጀመረ ሰው የላይኛውን ቀዳዳ የታችኛው ይመስለዋል። አየር የገባው ማቀዝቀዣው በሚሠራበት በራሱ በሄሊየሙ መስመር ከሆነማ ጠባቡ ቱቦ ውስጥ በረዶ ሆኖ ይደፍነዋል። ያኔ ቀናት የፈጀው ቅዝቃዜ ሁሉ እንደገና ይሞቃል። አለቃ ምክንያቱን ይጠይቃል። የክዳኑ ከሆነ መልሱ «ፀጉር» ነው።

የማቀዝቀዣው ኮምፕረሰር ወደ 10 ኪሎዋት መብራትና በደቂቃ ወደ 10 ሊትር ማቀዝቀዣ ውሃ ይፈልጋል። አንዱ ሲቋረጥ ሄሊየሙ ሞቆ ግፊቱ ይጨምራል፤ ቶሎ ወደ ጋኑ መመለስ አለበት። ውስጡ ያለው ሄሊየም-3 ከትሪቲየም (ጨረር ከሚያመነጭ የሃይድሮጅን ዓይነት) የሚገኝ ውድ ጋዝ ነው። ፈረንጅ መብራት ይጠፋል ብሎ አያስብም። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ፣ መብራት በዕድል ስለሆነ መጠባበቂያ ማሰብ ማንም አያስተምረንም።

ወደዚህ ሙያ ልምጣ ለምትሉ፦ አሜሪካ በፊዚክስ ዶክትሬት ደህና ፕሮግራም ትምህርቱን ሸፍኖ ደሞዝ ይከፍላል፤ ለቦታው ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ውሸታም ነው። ሊኒያር አልጀብራና የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ይቅደም። የኳንተም ፕሮግራም መጻፊያው ኪስኪት በነፃ ይወርዳል፣ 20 ኪውቢት ያረጀ ላፕቶፕም ይችለዋል። ክረምቱን ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛ ጋር ዋሉ።