ኤክስ ሰርቨር በዴቢያን 12፦ ስክሪኑ ሲጠቁር ከየት እንጀምር?

ኤክስኦርግን (የሊኑክስን ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ የሚያስተዳድረውን ኤክስ ሰርቨር፣ ባጭሩ ኤክስን) ስለመጫን ከተጻፉት መመሪያዎች ብዙዎቹ ጊዜ አልፎባቸዋል። «ኤክስኦርግ -ኮንፊገር» በሚለው ትእዛዝ ረጅም የኮንፊግ ፋይል አስወጡና እሱን አርሙ ይላሉ። ይህን ምክር ተዉት። ሰርቨሩ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ግራፊክስ ካርዱን ዛሬ ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ያ ፋይል ግን በወጣበት ቀን የነበረውን ድራይቨርና የካርዱን አድራሻ ቆልፎ ያስቀምጣል፤ ካርዱ ሲቀየር ወይም ድራይቨሩ ሲታደስ ስክሪኑ ይጠቁራል። ኤክስ ያለ ምንም ኮንፊግ መነሳት አለበት። አልነሳ ካለ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ያለው ከኤክስ በታች ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ላይ፣ ወይም ከኤክስ በላይ ሴሽኑ (ኤክስ ሲነሳ የሚከፈቱት ፕሮግራሞች) ላይ ነው።

መነሻችን ያለ ዴስክቶፕ የተጫነ ዴቢያን 12 (አንድ የሊኑክስ ዓይነት) ይሁን። ለአሮጌ ላፕቶፕ ይህ ጥሩ ምርጫ ነው። «ኤክስኦርግ» የሚባለው ጠቅላላ ፓኬጅ ይሠራል፤ ነገር ግን የማትፈልጓቸውን አሮጌ ድራይቨሮች ሁሉ ጎትቶ ያመጣል። የተሻለው በ«አፕት» እነዚህን ለይቶ መጫን ነው፦ ኤክስሰርቨር-ኤክስኦርግ-ኮር፣ ኤክስሰርቨር-ኤክስኦርግ-ኢንፑት-ሊብኢንፑት፣ ኤክስኢኒት፣ ኤክስአውዝ፣ ኤክስ11-ኤክስሰርቨር-ዩቲልስ፣ ኤክስተርም እና ኦፕንቦክስ (ቀላል የመስኮት አስተዳዳሪ)። «--ኖ-ኢንስቶል-ሪኮሜንድስ» (የሚመከሩትን ተጨማሪዎች አታምጣ) ብላችሁ የምትጭኑ ከሆነ ሦስት ነገሮች በእጅ ይጨመሩ፦ ሊብጂኤል1-ሜሳ-ዲአርአይ፣ ሊብፓም-ሲስተምዲ እና ዲባስ-ዩዘር-ሴሽን።

ሊብኢንፑት ከተረሳ ስክሪኑ በሰላም ይነሳል፤ ኪቦርዱና ማውሱ ግን ምንም አይሰሙም። ኤክስ ኮንሶሉን ስለያዘው ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ2 ተጭኖ መውጣትም አይቻልም። ያለው አማራጭ በኤስኤስኤች ከሌላ ማሽን መግባት ወይም የማጥፊያውን ቁልፍ መጫን ነው። ሊብፓም-ሲስተምዲ ደግሞ ኤክስ ያለ ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ) መብት፣ በተራ ተጠቃሚ ስም እንዲሠራ ያደርጋል። እሱ ሲጎድል ሰው ኤክስን የሚያስነሳውን ትእዛዝ፣ ስታርትኤክስን፣ በሩት መብት «ሱዶ ስታርትኤክስ» ይላል፤ ከዚያ ሌላ ችግር ይወለዳል። በሆም ፎልደራችሁ ያለው «.ኤክስአውቶሪቲ» ፋይል የሩት ንብረት ይሆንና በሚቀጥለው ጊዜ በራሳችሁ ስም ስትሞክሩ «አውቶሪቲ ፋይሉን መቆለፍ አልተቻለም» የሚል ስህተት ይመጣል። ፋይሉን በሩት አጥፉት፤ ስታርትኤክስን ከእንግዲህ በሱዶ አታስነሱ።

አሁን ወደ ከርነሉ እንውረድ። ኤክስ ስክሪን የሚያገኘው በከርነሉ የግራፊክስ ድራይቨር በኩል ነው፤ ለኢንቴል አይ915፣ ለኤኤምዲ ኤኤምዲጂፒዩ ወይም ራዲዮን፣ ለኤንቪዲያ ኑቮ። ድራይቨሩ በትክክል ከተጫነ «/ዴቭ/ዲአርአይ» ውስጥ ካርድ0 ወይም ካርድ1 የሚባል ፋይል ይኖራል። ከሌለ የኤክስን ሎግ ማገላበጥ ጊዜ ማባከን ነው።

የሚጎድልበት አንደኛው ምክንያት «ኖሞድሴት» የሚባለው፣ የከርነሉን ግራፊክስ ድራይቨር የሚያግድ ቃል ነው። ሲስተሙ ሲጫን ስክሪኑ አልታይ ብሎ ይህን ቃል ማስነሻው ላይ ጨምረን፣ ከዚያ እዚያው ይቀራል። «/ፕሮክ/ሲኤምዲላይን»ን በ«ካት» ክፈቱ፤ ቃሉ ካለ «/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግረብ» ውስጥ ሰርዙትና «አፕዴት-ግረብ» ብላችሁ ማሽኑን እንደገና አስነሱ። ሁለተኛው ምክንያት ፈርምዌር (ካርዱ ራሱ የሚሠራበት ፕሮግራም) ነው። የኤኤምዲ ካርዶች ፈርምዌር-ኤኤምዲ-ግራፊክስ የሚባለውን ፓኬጅ ይፈልጋሉ። በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 እንዲህ ያሉትን «ኖን-ፍሪ-ፈርምዌር» በሚባል አዲስ ክፍል ውስጥ አስቀምጧቸዋል፤ ከዴቢያን 11 ያሻሻለ ሰው ይህን ስም ሶርስስ ሊስት (የአፕት የምንጮች ዝርዝር) ላይ በእጁ መጨመር አለበት። «ዲሜሴጅ» (የከርነሉ መልእክቶች) ላይ ፈርምዌር መጫን አልተቻለም የሚል መስመር ካያችሁ ነገሩ ይኸው ነው።

ኢንቴል ላላችሁ፦ ኤክስሰርቨር-ኤክስኦርግ-ቪዲዮ-ኢንቴል የሚባለውን ፓኬጅ አትጫኑ። ከኤክስሰርቨር-ኤክስኦርግ-ኮር ጋር የሚመጣው «ሞድሴቲንግ» ድራይቨር ይበቃል፤ በአዳዲሶቹ ቺፖች ላይም የሚሻለው እሱ ነው። ኤንቪዲያ ላላችሁ «ኤንቪዲያ-ዲቴክት» የትኛው ፓኬጅ እንደሚስማማ ይነግራችኋል። ሊኑክስ-ሄደርስ-ኤኤምዲ64 ቀድሞ ካልተጫነ የኤንቪዲያው ድራይቨር ሞጁል አይገነባም፤ ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ኮድ እንዳይነሳ የሚከለክለው ቅንብር) ከበራ ደግሞ ተገንብቶም የታወቀ ፊርማ ስለሌለው ከርነሉ አይቀበለውም።

ሎጉ የት እንዳለ ሳያውቁ ሰዓታት የሚያጠፉ ብዙ ናቸው። ኤክስ በተራ ተጠቃሚ ሲሠራ ሎጉን የሚጽፈው በሆም ፎልደር ሥር «.ሎካል/ሼር/ኤክስኦርግ» ውስጥ ነው። «/ቫር/ሎግ» ውስጥ ያለው ኤክስኦርግ.0.ሎግ ምናልባት የከረመ ስለሚሆን ቀኑን ሳታዩ አትመኑት። ስታነቡም በቅንፍ ያሉትን ምልክቶች ተከተሉ፦ ሁለት ኢ ስህተት ነው፣ ሁለት ደብልዩ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለት ኮከብ ከኮንፊግ ፋይል የተወሰደ፣ ሁለት የእኩል ምልክት ዲፎልት፣ ሁለት ሰረዝ ከሃርድዌሩ የተነበበ። «ኖ ስክሪንስ ፋውንድ» የሚለው የመጨረሻ መስመር የውጤቱ ማሳወቂያ ብቻ ነው፤ መንስኤውን ከዚያ በላይ ካለው የመጀመሪያ ሁለት ኢ ፈልጉ።

ሴሽኑ ላይ ዴቢያን የራሱ መንገድ አለው። መመሪያዎቹ «.ኤክስኢኒትአርሲ» ጻፉ ይላሉ። ዴቢያን ላይ ያን ፋይል ስትፈጥሩ «/ኢቲሲ/ኤክስ11/ኤክስሴሽን» ሙሉ በሙሉ ይታለፋል፤ ዲባስን (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መንገድ) እና የጽሕፈት ዘዴውን የሚያዘጋጁት ስክሪፕቶች ያሉት ደግሞ እዚያ ነው። ስለዚህ በምትኩ «.ኤክስሴሽን» ጻፉ፤ በስታርትኤክስም በሎግኢን ስክሪንም ይሠራል። ይዘቱ ሁለት መስመር ሊሆን ይችላል፦

ኤክስሴትሩት -ሶሊድ ግሬይ
ኤግዜክ ኦፕንቦክስ-ሴሽን

የመጨረሻው ትእዛዝ ወደ ኋላ መላኪያው የ«እና» ምልክት (&) አይደረግበትም። ከተደረገበት ስክሪፕቱ ያልቃል፣ ስክሪፕቱ ሲያልቅ ኤክስ ይዘጋል፤ ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ወደ ኮንሶል ይመልሳችኋል። ከእሱ በፊት የሚነሳና የማይዘጋ ፕሮግራም ካለ ግን ምልክቱ የግድ ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ኦፕንቦክስ ተራው አይደርሰውም።

ኮንፊግ የሚያስፈልግባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። በላፕቶፕ ታችፓድ ላይ መታ አድርጎ መክፈት በዲፎልት አይሠራም። «/ዩኤስአር/ሼር/ኤክስ11» ሥር ያሉት ፋይሎች በአፕዴት ስለሚጻፍባቸው አትንኳቸው። «/ኢቲሲ/ኤክስ11/ኤክስኦርግ.ኮንፍ.ዲ» የሚባል ፎልደር ፍጠሩና ስሙ በ«.ኮንፍ» የሚያልቅ ይህን አጭር ፋይል አስቀምጡ፦

ሴክሽን "ኢንፑትክላስ"
አይደንቲፋየር "ታችፓድ"
ማችኢዝታችፓድ "ኦን"
ድራይቨር "ሊብኢንፑት"
ኦፕሽን "ታፒንግ" "ኦን"
ኢንድሴክሽን

ሌላው ሬዞሉሽን ነው። በቪጂኤ ማከፋፈያ በኩል የተገናኘ ፕሮጀክተር ወይም ሞኒተር ብዙ ጊዜ ማንነቱን ለኮምፒውተሩ አያሳውቅም፤ ያን ጊዜ ኤክስ በ1024×768 ይቆማል። «ሲቪቲ» ቁጥሮቹን ያወጣላችኋል፣ በ«ኤክስራንድአር» መጀመሪያ «--ኒውሞድ»፣ ቀጥሎ «--አድሞድ»፣ በመጨረሻ «--አውትፑት» ትሰጣላችሁ። ሲቪቲን 1366×768 ብትጠይቁት 1368 ቢመልስ አትደንግጡ፤ ወርዱ ለ8 መካፈል ስላለበት ነው። ለ1920×1080 በ60 ኸርዝ ያለ ተጨማሪ ምርጫ 173 ሜጋኸርዝ ያወጣል። ይህ አሮጌ ኤችዲኤምአይና ነጠላ ዲቪአይ ከሚሸከሙት 165 ሜጋኸርዝ ስለሚያልፍ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። «-አር» ሲጨመር ወደ 138.5 ይወርድና ይሠራል። ትክክል መሆኑን ካረጋገጣችሁ የኤክስራንድአሩን መስመሮች «.ኤክስሴሽን» ውስጥ ከኤግዜክ በላይ አስገቧቸው።

አማርኛ ለማንበብ ፎንትስ-ኖቶ-ኮር ወይም ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ ጫኑና «ኤፍሲ-ሊስት»ን ለአማርኛ ቋንቋ ጠይቁት፤ ዝርዝር ካወጣ ፎንቱ ተገኝቷል። ለመጻፍ የኤክስ የራሱ «ኢቲ» ኪቦርድ አለ፤ ሰባቱን ቤት በድምፅ መጻፍ ለለመደ ሰው ግን የሚመቸው አይባስ የሚባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ነው። አይባስንና አይባስ-ኤም17ኤን ጫኑ፣ «አይኤም-ኮንፊግ -ኤን አይባስ» በሉ፣ ወጥታችሁ ግቡ፣ በ«አይባስ-ሴትአፕ» አማርኛ ሥር «ሴራ»ን ምረጡ። ሰላም ለማለት በትንንሹ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ይመታል፤ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ እና ሐ በትልቁ ፊደል ይገባሉ። «.ኤክስኢኒትአርሲ» የጻፈ ሰው አይባስ አልነሳ የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ አይኤም-ኮንፊግ የሚሠራው በዚያ በታለፈው ኤክስሴሽን በኩል ነውና።

በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ከታየ የጎደለው ፎንት ነው። ተርሚናል ውስጥ የጥያቄ ምልክት ከታየ ችግሩ ሎኬሉ (የሲስተሙ የቋንቋና የፊደል ቅንብር) ነው፤ «ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ሎኬልስ» ብላችሁ በዩቲኤፍ-8 የሚያልቅ አንዱን ምረጡ። የእንግሊዝኛውም ቢሆን አማርኛን ያሳያል።